ሦስት ክበብ ውስጥ ስሜ አለ፤ እስካሁን ግን ማንንም አልረዳሁም

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። በአንደኛ ዓመት ሦስት የበጎ አድራጎት ክበብ ተመዘገብኩ። ቲሸርት ወሰድኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። በዕረፍት ጊዜ ለስምንት ድርጅቶች ኢሜይል ላክሁ። የመለሰልኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የምዝገባ ክፍያ ጠየቀኝ። ሕፃናት በጣም ስለምወድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ብሠራ ደስ ይለኛል። ግን ሙያ የለኝም። ውጤቴ መካከለኛ ስለሆነ እንዳይወርድብኝም እፈራለሁ። እውነቱን ለመናገር ለሲቪዬም ይጠቅመኛል ብዬ አስባለሁ፤ ይሄ ደግሞ ሕሊናዬን ይቆረቁረኛል። ከየት ልጀምር? በሳምንትስ ስንት ሰዓት ልስጥ?»

ምላሽ፦ ሕሊናሽን ከሚቆረቁረው ልጀምር። ለሲቪ ማሰብ ነውር አይደለም። ጊል ክላሪና ማርክ ስናይደር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሰው በጎ ፈቃድ የሚሠራባቸውን ምክንያቶች በስድስት ከፍለዋቸዋል። ሌሎችን መርዳት እምነቱ ስለሆነ የሚመጣ አለ። አዲስ ነገር ለመማር የሚመጣ አለ። ወዳጆቹን ተከትሎ የሚመጣ አለ። ለሥራ ዓለም ራሱን የሚያዘጋጅ አለ። ከራሱ ጭንቀትና ከብቸኝነት ትንሽ ፋታ የሚፈልግ አለ። ስለራሱ ጥሩ ስሜት እንዲኖረው የሚሻም አለ። አብዛኛው ሰው ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን ደርቦ ይዞ ይመጣል። ከጥናታቸው ለአንቺ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ በጎ ፈቃደኛ የሚረካው የመጣበትን ምክንያት የሚመልስለት ሥራ ሲያገኝ ነው።

ስለዚህ ምክንያትሽን አትደብቂው። ልምድ ፈልጎ የመጣን ተማሪ ሁልጊዜ ወንበር ብታስደረድሪው በሦስተኛው ሳምንት ይጠፋል። ሰው ፈልጎ የመጣውን ብቻውን ኮምፒውተር ፊት ብታስቀምጪው እሱም ይጠፋል። በጎ ፈቃደኞችን በማስተባበር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። «ልጆችን ማስተማር እወዳለሁ፤ ደግሞ ሰው ፊት መናገር መልመድ እፈልጋለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሥራዬን ያቀልልኛል። የት እንደማስቀምጠው ወዲያው አውቃለሁ። የሚከብደኝ «ማንኛውንም ነገር እሠራለሁ» የሚለኝ ነው። ለሲቪ መምጣት ጥፋት የሚሆነው ወረቀቱ እጅ እንደገባ ሥራውን ሜዳ ላይ ጥሎ የሄዱ እንደሆነ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቶሎ እናጥራ። የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በተስማሙበት ትርጉም የበጎ ፈቃድ ሥራ ክፍያ የለውም፣ ግዴታ የለውም፣ የሚሠራውም ከቤተሰብ ውጪ ላሉ ሰዎች ነው። ስለዚህ ዲፓርትመንትሽ ለማለፊያ ብሎ የሚያስሞላሽ ሰዓት ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን ሌላ ነው። ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ደመወዝተኛ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ በነፃ ካሠራሽም ያ ጉልበትሽን መውሰድ ነው። «በጎ ፈቃድ» ስለተባለ ብቻ እሺ አትበይ።

«ሙያ የለኝም» ያልሽው ስህተት ነው። የሁለተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ የደረሰ ሰው ክፍልፋይን፣ ግራፍንና አልጀብራን ያውቃል። ያ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ትልቅ ሀብት ነው። መዝገብ በሥርዓት መያዝ፣ የተበላሸ ፕሪንተር ማስነሳት፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ አንድን ረጅም ጽሑፍ በአንድ ገጽ ማሳጠር ሁሉ ሙያ ነው። ትናንሽ ድርጅቶች ውስጥ እነዚህን የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ይጎድላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጎድለው ግን በሰዓቱ የሚመጣ ሰው ነው። ይሄን ሳላጋንን ነው የምልሽ። በአንድ ወቅት የማጠናከሪያ ትምህርት በማስተባብርበት ቦታ በጣም ጎበዝ፣ በጣም ደግ ልጅ ነበረ። ተማሪዎቹ ይወዱታል። ግን አራት ቦታ ቃል ገብቶ ነበርና አንድ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሁለት ቅዳሜ ይቀራል። በቀረበት ቀን አንዲት ተማሪው ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሌላ አስተማሪ ስንሰጣት «እሱ ሲመጣ እማራለሁ» አለች። በሦስተኛው ሳምንት እሷም ቀረች። ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረ ሌላ ልጅ ደግሞ በትምህርቱ መካከለኛ ነበር፤ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው ቃል የገባው። አንድም ቅዳሜ ሳይቀር ሴሚስተሩን ጨረሰ። የእሱ ተማሪዎች ናቸው የተሻሻሉት።

ጉጉት ብቻውን እንደማይበቃ ድሮም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 በሰሜን ጣሊያን ሶልፈሪኖ ላይ ከባድ ጦርነት ሲካሄድ ሺዎች ቆስለው ሜዳ ላይ ቀሩ። አጠገቡ ያለችው የካስቲሊዮኔ ከተማ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ወጥተው ቁስለኛው የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይለዩ ረዱ። ለሌላ ጉዳይ በዚያ ያለፈው የስዊዘርላንድ ነጋዴ ሄንሪ ዱናንት አብሯቸው ሠራ። ልብ ነበራቸው። ያልነበራቸው ዝግጅትና አደረጃጀት ነው። ዱናንት ከዚያ በኋላ በሰላም ጊዜ አስቀድመው የሚሠለጥኑ በጎ ፈቃደኞች በየአገሩ ይኑሩ ሲል ጠየቀ። ከዚህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1863 በኋላ ቀይ መስቀል የተባለው ድርጅት ተወለደ። ዛሬም ከንቅናቄው ሰባት መሠረታዊ መርሆች አንዱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ «መጀመሪያ ስልጠና ውሰጂ» ካለሽ አትሰላቺ። ያ ቦታ ሥራውን እንደሚያውቅ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ኢሜይሎቹ። ስምንቱ ድርጅቶች ስለናቁሽ አይደለም ያልመለሱልሽ። ብዙ ድርጅት ውስጥ በጎ ፈቃደኛን የሚቀበል ራሱን የቻለ ሠራተኛ የለም። ኢሜይሉን የሚያነበው ሰው ፕሮጀክትም ይጽፋል፣ ሪፖርትም ይሠራል፣ ስልክም ያነሳል። «በጎ ፈቃደኛ መሆን እፈልጋለሁ፣ እባካችሁ አሳውቁኝ» የሚል መልእክት ሲደርሰው ለእሱ አዲስ የቤት ሥራ ነው። ምን እንደምትችይ፣ መቼ እንደምትመጪ፣ ምን እንደሚያሠራሽ እሱ ማሰብ አለበት። ነገ እመልሳለሁ ይላል። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል።

መልእክትሽ ያንን የማሰብ ሥራ አስቀድሞ ይሥራለት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «የሁለተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ነፃ ነኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ሳምንት መምጣት እችላለሁ። ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ማስጠናት እችላለሁ። በፈተናዬ ሁለት ሳምንት አልኖርም፤ ቀኑን አስቀድሜ አሳውቃለሁ። በዚህ ሳምንት ለአሥር ደቂቃ መጥቼ ላነጋግራችሁ?» አለቀ። የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም። መልስ ካላገኘሽ በሳምንቱ ደውዪ ወይም በአካል ሂጂ። በሩ ላይ የቆመ ሰው እንደ ኢሜይል ለነገ አይቆይም። ስምንት ቦታ አንድ ዓይነት መልእክት ከመበተን ሁለት ቦታ በትክክል መጠየቅ ይሻላል።

ክፍያ የጠየቀሽን ድርጅት ለጊዜው ተይው። ሁሉም ክፍያ ማጭበርበር ነው ማለቴ አይደለም። የመታወቂያ ባጅ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ኮርስ ወይም ጉዞ እውነተኛ ወጪ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በጽሑፍ የማይነግርሽ፣ ደረሰኝ የማይሰጥሽ፣ «ዛሬ ካልከፈልሽ ቦታው ይያዛል» የሚል ቦታ አይሆንሽም። በተለይ ታዋቂ ስም ጠርተው ገንዘብ ከሚሰበስቡ ተጠንቀቂ። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ለምሳሌ ከአመልካች በየትኛውም ደረጃ ገንዘብ አይጠይቅም። በእሱ ስም ክፈሉ የሚል መልእክት ከመጣሽ ሐሰት ነው።

የሕፃናት ማሳደጊያው ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለልጆች ያለሽን ፍቅር አልጠራጠርም። ልክ እንደ አንቺ በፍቅር የሚመጡ ብዙ ተማሪዎች ግን ሳያውቁ የሚያደርሱት ጉዳት አለ። ትንሽ ልጅ ለማደግ ከምግብና ከመኝታ በላይ የማይቀያየር፣ የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ያስረዳው ይሄንን ነው። በማሳደጊያ ያለ ልጅ ደግሞ አንዴ ሰው አጥቷል። ከዚያ በየወሩ አዲስ ፊት ይመጣል። ያቅፈዋል፣ ያጫውተዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይጠፋል። ልጁ መለየትን ደግሞ ደጋግሞ ይማራል። አንዳንዱ ልጅ ላገኘው እንግዳ ሁሉ እየሮጠ ይጠመጠማል። ጎብኚው «እንዴት ይወደኛል!» ይላል። ባለሙያ ሲያየው ግን የሚያሳስበው ነገር ነው።

ሌላም አለ። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው። ብዙ ጊዜ ከቤት ያወጣቸው ድህነት ነው። ጎብኚና በጎ ፈቃደኛ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ከሆነ፣ ልጆችን ወደ ቤተሰባቸው ከመመለስ ይልቅ በተቋሙ ማቆየት የሚጠቅመው ሰው ይፈጠራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሕፃናት መብት ባወጣው ውሳኔ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ልጆችን ለሕገወጥ ዝውውርና ለብዝበዛ ሊያጋልጥ እንደሚችል አንስቶ አገሮች እንዲከላከሉ ጠይቋል።

ታዲያ ልጆችን አትርጂ ማለቴ ነው? በፍጹም። ከቤተሰባቸው ጋር የሚኖሩ ልጆችን እርጂ። ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚሰጥ ማጠናከሪያ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት፣ የስፖርትና የሳይንስ ክበብ አለ። እዚያ ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንቺ አስተማሪው ነሽ፤ የእናትን ቦታ አትይዢም። ስትሄጂም የምታጎድይው የሒሳብ ትምህርት ነው፤ እሱን ደግሞ ሌላ ሰው ይተካዋል። ማሳደጊያ ውስጥ መግባትሽ ግድ ከሆነ ከልጆቹ ጋር መተቃቀፍ የማይጠይቅ ሥራ ያዢ። ኮምፒውተር ጠግኚ፣ መዝገብ አደራጂ፣ ሠራተኞቹን አግዢ።

ልጆች ባሉበት በማንኛውም ቦታ ድርጅቱን የምትለኪበት ቀላል መንገድ አለ። መታወቂያሽን ጠየቀ? ስለ አንቺ የሚመሰክር ሰው ጠየቀ? የሕፃናት ጥበቃ ደንቡን አስነብቦ አስፈረመሽ? ከልጅ ጋር ብቻሽን በር ዘግተሽ እንዳትቀመጪ ነገረሽ? ፎቶ ማንሳት ከለከለሽ? እነዚህን ካደረገ ጥሩ ቦታ ነው። ማን እንደሆንሽ ሳይጠይቅ በመጣሽበት ቀን ልጅ የሚያስታቅፍሽ ቦታ ሌላውንም ሰው እንዲሁ ያስገባል። ይሄንን አስቢና ውጪ።

ስለ ውጤትሽ የፈራሽው ተገቢ ፍርሃት ነው። ሁላችንም ጊዜያችንን ስንገምት እንሳሳታለን፤ ተማሪ ደግሞ በተለይ። ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠይቀዋቸው ነበር። አማካይ ግምታቸው 34 ቀን ገደማ ሆነ። የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ተኩል ያህል ነው። በገመቱት ቀን የጨረሱት ከሦስቱ አንድ እንኳ አይሞሉም። አንቺም «በሳምንት ስድስት ሰዓት አያቅተኝም» ብለሽ ስታስቢ የምታስቢው አሳይመንት የሌለበትን፣ ያልታመምሽበትን ሳምንት ነው። እንደዚያ ያለ ሳምንት በሴሚስተር ውስጥ ስንት ጊዜ መጣልሽ?

መልሴ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ አትጀምሪ። ሁለቱ ሰዓት ራሱ ሁለት ሰዓት ብቻ አይደለም። መሄጃና መመለሻ አለው፣ መዘጋጃ አለው፣ ከጨረሱ በኋላ የሚደረግ ወሬም አለው። በፕሮግራምሽ ላይ አራት ሰዓት አድርገሽ ያዢው። ለአሥራ ሁለት ሳምንት ስትቆዪ 24 የሥራ ሰዓት ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ለአንድ ልጅ ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ሳይቋረጥ የሚመጣ አስተማሪ ብዙ ነው። የሚድና የፋይናል ሳምንቶችሽን ከመጀመሪያው ቀን ቆርጠሽ አውጪና ለአስተባባሪሽ ስጪ። አስቀድሞ የታወቀ መቅረት ማንንም አይጎዳም። በዋዜማው ማታ የሚላክ «ይቅርታ ነገ አልመጣም» ግን ፕሮግራሙን ያፈርሳል። አንድ ኮርስ ላይ እየወደቅሽ ከሆነ ደግሞ በጎ ፈቃዱን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር አስተላልፊ። ይሄ ራስ ወዳድነት አይደለም። ደክሞሽና ተጨንቀሽ የምትመጪበት ቦታ የሚያገኘው የተረፈሽን ነው።

ለአንቺ የምመክርሽ ሥራ አንድ ነው፦ ከቤተሰባቸው ጋር ለሚኖሩ ልጆች በቡድን የሚሰጥ የሒሳብ ማጠናከሪያ። ልጆችን ትወጃለሽ፤ ልጆቹ እዚያ አሉ። ሒሳብ ደግሞ የምታውቂው ነገር ነው። ለሲቪሽም የሚታይ ነገር ይተዋል። ስትጀምሪ ልጁ ያመጣውን የቤት ሥራ ለመሥራት አትቸኩዪ። የስምንተኛ ክፍል ልጅ እኩልታ አቃተኝ ሲልሽ ችግሩ ብዙ ጊዜ እኩልታው ላይ አይደለም። በቀደሙት ክፍሎች ያመለጠው ክፍልፋይ ወይም አሉታዊ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዋን ቀን የት ላይ እንደተሰበረ ለመፈለግ ተጠቀሚባት። ቀላል ጥያቄ እየሰጠሽ ወደኋላ ሂጂ። ልጁ ሳይፈራ በትክክል የሚመልስበት ቦታ ስትደርሺ መነሻሽ እዚያ ነው። እርሳሱ በእሱ እጅ ይሁን። አንቺ ሠርተሽ ስታሳዪው «ገባኝ» ይላል፤ ብቻውን ሲቀር ግን ይጠፋበታል። ለየልጁ አንድ ገጽ ማስታወሻ ያዢ፦ ዛሬ ምን ሠራን፣ የት ቆመን፣ በሚቀጥለው ከየት እንጀምር። ይቺ ማስታወሻ በኋላ ትልቅ ጥቅም አላት።

ከግቢ መውጣት ካልቻልሽ ሁለተኛ ምርጫ አለሽ፤ ብዙ ተማሪ ደግሞ አያየውም። በዩኒቨርሲቲሽ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ይኖራሉ። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር የሚያነበው የተተየበ ጽሑፍን ነው። በስልክ ተነስቶ በቡድን የተላከ የእጅ ጽሑፍ ኖት ለእነሱ ባዶ ገጽ ማለት ነው። ኖቱን መተየብ፣ ሥዕሉንና ግራፉን በቃላት መግለጽ፣ ያልተተየበ መጽሐፍ ማንበብና መቅዳት ትችያለሽ። አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን የሚደግፈውን ክፍል ወይም የተማሪዎቹን ማኅበር ሄደሽ ጠይቂ። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ራሳቸው ይንገሩሽ፤ አንቺ አትገምቺላቸው። አንድን የኤሌክትሪክ ሥዕል ለማያይ ሰው በቃል ማስረዳት የቻለ ሰው ትምህርቱን ራሱ በደንብ ገብቶታል። ጉዞም የለበትም፤ ውጤትሽንም አይነካም።

በኢንተርኔት የሚሠራም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በተለያየ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶ እያዩ የዋና ከተማዋን መንገዶች ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው ነፃ ካርታ ላይ ሣሉ። የዕርዳታ ሠራተኞች ተጠቀሙበት። ያ ሥራ ዛሬም ይቀጥላል፤ ለመጀመር የአንድ ሰዓት ስልጠና ይበቃል። ዙኒቨርስ በተባለው ገጽ ለተመራማሪዎች የእንስሳትና የከዋክብት ፎቶ መለየት ይቻላል። በራስሽ ቋንቋ ውክፔዲያ ላይ መጻፍም አለ። እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ በተለይ ሰዓትሽ ከተበጣጠሰ። ድክመታቸው ግን ማንም አይጠብቅሽም። ዛሬ ብትተዪው የሚደውልልሽ የለም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ይተወዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠብቅሽ ሰው ያለበትን ቦታ ምረጪ። የአንድ ቀን ዘመቻ ደግሞ ችግኝ ተከላም ሆነ ጽዳት ለመቅመስ ጥሩ ነው፤ ሂጂበት። ግን በጎ ፈቃድ ጀመርኩ ብለሽ አትቁጠሪው።

ሦስቱን ክበቦች በተመለከተ ሁለቱን ልቀቂ። ለኃላፊዎቹ ንገሪና ስምሽን አሰርዢ። የትኛው እንደሚቀር ለመወሰን አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ «ባለፈው ወር ማንን ረዳችሁ? በምን?» በግልጽ የሚመልስልሽ ጋ ቅሪ። ሦስቱም ካልመለሱ ከሦስቱም ውጪ።

ስትሠሪ የማታልፊያቸው ድንበሮች አሉ። ያልሠለጠንሽበትን አትሥሪ። የሕክምና ተማሪ ጓደኛሽም ቢሆን ኃላፊ ሐኪም በሌለበት መርፌ የመውጋት ፈቃድ በጎ ፈቃድ አይሰጠውም። ሰው ጭንቀቱን ቢያጫውትሽ አማካሪ ለመሆን አትሞክሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ መመሪያ ሥራው በሦስት ቃል ተቀምጧል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውየው ምን ላይ እንዳለ አስተውዪ፣ ሳትፈርጂ አድምጪው፣ ከዚያ ሊረዳው ከሚችል ሰው ጋር አገናኚው። ልጅ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ የሚጎዳው ነገር እንዳለ ቢነግርሽ ምስጢር እጠብቃለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ። «ሊረዳህ ለሚችል ሰው ብቻ ነው የምነግረው» በዪውና በዚያው ቀን ለኃላፊው አሳውቂ። ከኪስሽ ገንዘብ አትስጪ። የምትረጃቸውን ሰዎች ፎቶ የራስሽ ገጽ ላይ አትለጥፊ። ፈቃድ ሰጡኝ ብትዪም እርዳታሽን የሚፈልግ ሰው እምቢ ለማለት ይከብደዋል።

ስለ ሲቪው፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቢ። በመጨረሻ «በበጎ ፈቃድ ተሳትፌያለሁ» ብለሽ አትጻፊ፤ ማንም አያነበውም። «በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ ለአምስት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ አስጠንቻለሁ» ብለሽ ጻፊ። ከሰርተፍኬት የሚበልጠው ደግሞ አስተባባሪሽ ነው። ስልክ ሲደወልለት «አዎ አውቃታለሁ፣ ቀርታ አታውቅም» የሚል ሰው ካለሽ ወረቀቱ ትርፍ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ከአስተባባሪሽ ጋር አሥር ደቂቃ ተቀመጪ። ይሄን ቀጠሮ ከመጀመሪያው ቀን ያዢው። ምን እንደጠቀምሽ፣ ምን እንደጎደለሽ ጠይቂ። ሥራው እንዳልሆነልሽ ካየሽ እዚያው ተናገሪ፤ በአራት ሳምንት መለየት ማንንም አይሰብርም። ከቀጠልሽ አሥራ ሁለቱን ሳምንት ጨርሺ። ሰዓት መጨመር የምታስቢው ከዚያ በኋላ ነው። ለማቆም ከወሰንሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አትጥፊ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለአስተባባሪሽ ንገሪ። ለልጆቹም የመጨረሻ ቀንሽ መቼ እንደሆነ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከተቻለ የምትተካሽን ሰው አንድ ቅዳሜ አብረሻት ተቀመጪና ያቺን የየልጁን ማስታወሻ አስረክቢያት። እያንዳንዱ ልጅ የት ላይ እንዳለ፣ ምን ሲሉት እንደሚከፋው፣ ምን ሲሉት እንደሚበረታ ንገሪያት። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ከቆመበት ገጽ ይቀጥላል።